በሩን የሚዘጋው ሰው

«ኧረ ጠጋ በሉ! ወንበሩ የአባታችሁ ርስት መሰላችሁ እንዴ?»

ሽማግሌው አንድ እጃቸውን በመኪናው በር፣ ሌላውን በመንትዮቹ ትከሻ ላይ አድርገው የልጅ ልጆቻቸውን ወደ መስኮቱ ይገፋሉ። መኪናው ባለ ሰባት ወንበር ነው፤ ብርማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውስጡ ገና አዲስ አዲስ የሚሸት። ሻጩ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ራቅ ብሎ ቆሟል። በሥራ ዘመኑ መኪና ሊገዛ ብሎ ቤቱን ሙሉ ነቅሎ የመጣ ሰው ያየ አይመስልም።

ጥፋቱ የምራታቸው የልብስ ሰፊዋ ነው። ልብስ ሳይለካ አይወሰድም እያለች የኖረች ሴት፣ መኪናም ሳይለካ አይገዛም ብላ ድርቅ አለች። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛው፣ «መኪና ደግሞ ይለካል? ወገቡ ይጠበናል ወይስ እጅጌው ያጥረናል?» ብሎ ሊቀልድባት ሞክሮ ነበር። አልሳቀችለትም። እሁድ ጠዋት ሁሉንም አለባብሳ፣ አሮጌዋን ትንሽ መኪና ሁለት ጊዜ አመላልሳ፣ የመኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ አራገፈቻቸው።

ባልና ሚስት፣ አምስት ልጆች፣ የእሷ እናትና የእሱ አባት በአንድ ጣሪያ ስር ይኖራሉ። በአንድ መኪና ግን ሄደው አያውቁም። አንድ ቦታ መሄድ ሲያስፈልግ ወይ በሁለት ዙር ይኬዳል፣ ወይ ሰው ይቀራል። የሚቀሩት ደግሞ ሁልጊዜ አባባ ናቸው።

ማንም ቅሩ ብሏቸው አያውቅም። ራሳቸው ናቸው «እኔን መኪና ያዞረኛል፤ ቤት እጠብቃለሁ» የሚሉት። ባለፈው ዓመት ሌላ ከተማ ያሉት ታላቅ እህታቸው ሊጠየቁ ሲታሰብ እንኳ፣ «ቦታዬን ለትልልቆቹ ልጆች ስጡ» ብለው ትንንሾቹን ታቅፈው ቤት ቀሩ። እህትየው ብርቱካን ላኩላቸው። ሽማግሌው ብርቱካኑን አልበሉትም፤ መስኮቱ ስር ደርድረው እያዩት ሰነበቱ። ሊበላሽ ሲል ነው ለልጆቹ ልጠው ያካፈሉት።

ዘንድሮ እህትየው ከአልጋ አይነሱም የሚል ወሬ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን መቀሷን አስቀምጣ፣ «በዚህ እሁድ መኪና እንገዛለን፤ በሚቀጥለው እሁድ ሁላችንም እንሄዳለን። ሁላችንም!» አለች። ለዓመታት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ያጠራቀመችው ገንዘብ የወጣው ለዚህ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ብርማውን መኪና ለራሷም ወዳዋለች። የተሰፋ ልብስ በላስቲክ ጠቅልላ በፀሐይም በዝናብም ደንበኛ ቤት ስታመላልስ ነው የኖረችው። አንድ ቀን ከእንዲህ ዓይነት መኪና ወርዳ በር ብታንኳኳ ምን አለበት? ባሏ ልቡ ያረፈው ጥግ ላይ የቆመችው አሮጌ ሚኒባስ ላይ ነበር። ድሮ የሕፃናት ማቆያ መኪና ነበረች። ቢጫ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ጎኗ ላይ የተሳለችው ዳክዬ ግን አሁንም ትስቃለች።

«ሞተሯ ልብ ነው እኮ» ብሏት ነበር፤ ኮፈኗን ከፍቶ እንደ ሐኪም ካዳመጠ በኋላ።

«ከዳክዬ ሆድ ውስጥ ስወርድ ደንበኞቼ ይዩኝ? እንደሱ ሳታደርገኝ ግደለኝ!»

ስለዚህ የሚለካው ብርማው ሆነ። ትንንሾቹ ጭን ላይ ይሆናሉ፤ ሌላው ይጠጋጋል ተባለ። የማጠጋጋቱን ነገር ለአባባ መተው ነው። ዕድሜያቸውን በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳትነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ የማን ጉልበት የት እንደሚገባ አንድ ጊዜ ዓይተው ያውቁታል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው የታዩበት ቀን የለም።

«ጋሽ ረዳት፣ እኔንስ እንደ ሻንጣ ጣሪያ ላይ ሊጭኑኝ ነው?» አሉ የልብስ ሰፊዋ እናት፣ ሰፊ ዳሌያቸውን እያመቻቹ።

«እርስዎን ጣሪያ ላይ የማወጣበት ጉልበት ቢኖረኝማ ጡረታ መች እወጣ ነበር! ይልቅ ትንሿን ይታቀፉልኝ። አንተ፣ እግርህን ሰብሰብ! የጃኬቱን ክምር ወዲህ በሉት፣ ቦታ አይያዝብን። ጡጦውንም አምጡ።»

የመጨረሻው ልጅ ገባ፤ ቧንቧ ሠራተኛውም ለሙከራ ቁልፉን ከሻጩ ተቀብሎ መሪውን ያዘ። ሽማግሌው በሩን ዘጉና ላሜራውን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱት።

«ሳበው!»

ቧንቧ ሠራተኛው ሳበው። መኪናው ውስጥ እልልታ ሆነ። የማንም ጉልበት የማንንም አልነካም፤ በሩም ያለ ትግል ተዘግቷል።

«ይኸው ተለካ! ወገቡም እጅጌውም ልክክ አለ። በይ እንግዲህ፣ መርቂው» አለ ባልየው።

ልብስ ሰፊዋ ጋቢና ተቀምጣ የፊቱን ፕላስቲክ በጣቷ ዳበሰች። ደስ አላት። እንደ ባለ መኪና የሻሿን ጫፍ ልታስተካክል ወደ ስፖኪዮው ጠጋ ስትል አባባን አየቻቸው።

ጠጠሩ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። የእሷ ቦርሳ ትከሻቸው ላይ ነው፤ የልጆቹ ጃኬት ክንዳቸው ላይ ተቆልሏል፤ የትንሿ ጡጦ ከኪሳቸው ብቅ ብሏል። በነፃው እጃቸው ደህና ሂዱ ይላሉ። ሁልጊዜ ከቤት ሲወጡ እንደሚሉት።

«አቁም!»

«ምነው? ምን ረሳሽ?»

«አባባን።»

ሁሉም ወደ ኋላ ዞረ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እናትየው።

«አባባን እኮ መኪና ያዞራቸዋል» አለ ከመንትዮቹ አንዱ፣ ለሁሉም ጥብቅና እንደሚቆም ዓይነት።

«ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ላይ የጨረሱ ሰው መኪና ያዞራቸዋል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ጥያቄውን ለልጁ ይሁን ለራሷ አላወቀችም።

ባሏ መሪውን እያየ፣ «እኔም እኮ አምኜ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

አፈረች። መኪናው የሚገዛው ለእሳቸው አልነበር? እሳቸው ውጭ ቆመው፣ «ልክ ነው» ብላ በደስታ የፈነጠዘችው እኮ ራሷ ናት። ስፌት ስትፈታ አጠገቧ ቁጭ ብለው ክር የሚለቅሙላት፣ አምሽታ ስትመጣ በር ለመክፈት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። የወለዷት አባቷን ያህል ትወዳቸዋለች። መውደድ ብቻውን ግን ሰውን ከመርሳት አላዳናትም።

መኪናው ዞሮ ሲመለስ ሽማግሌው ወደ ጎማው ጎንበስ አሉ።

«ምነው ተመለሳችሁ? ጎማ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ወርዳ ፊታቸው ቆመች። «አባባ፣ እርስዎ የት ሊቀመጡ ነበር?»

«እኔማ ያው እኔን…»

«ያዞረኛል እንዳይሉኝ!»

እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው ሳቅ አሉ። «ምን ላድርግ ልጄ? ረዳት የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። ከሞላ ደግሞ ሞላ ነው። እናንተ ብቻ እቴቴን ሰላም በሉልኝ፤ እሱ ይበቃኛል።»

«እቴቴ» የሚሏቸውን እህታቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ቀጠነ። ይህን ለመሸፈን የጃኬቱን ክምር ማስተካከል ጀመሩ።

ልብስ ሰፊዋ ብርማውን መኪና አንዴ ዞራ አየችው። ያምራል፤ አልካደችም። ከዚያ ሻጩን ጠራችው።

«ወንድሜ፣ ዳክዬዋን ክፈትልን።»

«ያቺን? እትዬ፣ እሷ እኮ ያረጀች ናት።»

«ሞተሯ ልብ ነው ብለውኛል።»

ባሏ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ «ደንበኞችሽስ?» አላት።

«ይዩኝ።»

የዳክዬዋ በር እያቃሰተ ተከፈተ። ልጆቹ ከፊት እስከ ኋላ ተበተኑ። አንደኛው መንትያ ለራሱ ሙሉ ወንበር ይዞ ጋደም አለ፤ እናትየው «እፎይ! ዳሌዬ አገሩ ገባ» አሉ። አባባ በሩ ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው አስገቡ፣ አስቀመጡ፣ አጠጋጉ። ማንንም ማጠጋጋት አያስፈልግም ነበር። ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ በሩ እጀታ ሰደዱ።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ቀደማቸው። ቦርሳዋን ከትከሻቸው፣ ጡጦውን ከኪሳቸው ወሰደች።

«ዛሬ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ። እርስዎ ጋቢና ይግቡ።»

«ጋቢና? ያንቺ ቦታ አይደል?»

የእሷ ቦታ ነው። እናቷ እንኳ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ሲለምኗት ለቃ አታውቅም።

«ነበር» አለች።

ሽማግሌው ጥቂት አመነቱ። «እኔ እኮ ጋቢና ተቀምጬ አላውቅም» አሉ እንደ ምስጢር ዝቅ አድርገው። ያን ሁሉ አገር ሲያቋርጡ የኖሩት በሩ ሥር ቆመው፣ የተሳፋሪ ማጅራት እያዩ ነው። ልጃቸው እጁን ዘርግቶ ደግፎ አወጣቸው። ተቀመጡ፤ ሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በፊት መስታወቱ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ያለችውን ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ቁጭ አለች። ልባሱ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል፤ እስከሚቀጥለው እሁድ አዲስ ሰፍታ ታለብሰዋለች።

አባባ ከጋቢና አንገታቸውን አዞሩ። ልማድ አይለቅም።

«ሁሉም ገብቷል?»

«አሁን ገና ገባ፣ አባባ» አለችና በሩን ስባ ዘጋችው። ከዚያም ጣሪያውን በመዳፏ ሁለቴ መታችው።

«ሳበው!»