ሳይሞቱ የተሳሉት

ጥፋቴ ሰዎቹን ሳይሞቱ መሳሌ ነው።

የቀድሞ ወታደሮች እድር ሊቀመንበር ሻምበል ማርቆስ «በቁማችን አክብሪን» ሲሉኝ ገና ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር። ደስ አለኝ። እያንዳንዳቸውን በሙሉ የደንብ ልብስ፣ በትልቅ ሸራ ሳልኳቸው። ጦር ኃይሎች ሰፈር ያለ አናጺ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገባልኝ። ማናችንም አላሰብንበትም።

ምስሎቹ በተመረቁበት ቀን ወይዘሮ በላይነሽ ከእድሩ አዳራሽ በር ላይ የባላቸውን የሃምሳ አለቃ ተክለማርያምን ምስል አዩና ጮኹ። የደስታ ጩኸት አልነበረም። እዚህ ሰፈር ያን የሚያህል ምስል በጥቁር ፍሬም የሚቆመው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ብቻ ነው። ባልየው አጠገባቸው ኬክ እየበሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዷም ሚስት ምስሉ ቤቴ ይግባ አላለችም። ሻምበል ማርቆስ ግን መላ አላጡም።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ። ሲያስፈልግ መጥተን እንወስዳለን። ኪራይሽን እድሩ ይችላል።»

ሲያስፈልግ። ይኸው 18 ማዞሪያ ጀርባ ያለችው ክፍሌ ግድግዳዋ በሙሉ መለዮ ያደረጉ ሽማግሌዎች ነው። አልጋዬ መሃል ላይ ነው፤ በየትም ብዞር አንዱ ያየኛል። የእድሩ መኪና በሬ ላይ ሲቆም ጎረቤት ከእኔ ቀድሞ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» ይላል። አዲስ ሸራ የምወጥርበት ቦታ የለኝም። አምና ጅማ የሥዕል መምህርነት አግኝቼ ነበር፤ ሻምበል «ለማን ጥለሽን?» ሲሉኝ ቀረሁ። ያው ትምህርት ቤት እንደገና ደውሏል። ዛሬ ካልተነሳሁ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል።

ቦርሳዬን እየዘጋሁ ሳለ ሃምሳ አለቃ ተክለማርያም አንኳኩ። በየሳምንቱ ራሳቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። የሚስተካከል ነገር አጥተው አያውቁም።

«አንቺ ሳያት፣ አንገቴን አቅጥነሽዋል። ዶሮ አስመሰልሽኝ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ይዘውት ይሂዱ። ጅማ ልሄድ ነው።»

«ይዤው የት? በላይነሽ እኔንም እሱንም አንድ ላይ ነው የምታባርረን።»

«እኔስ ከምስሎቹ ጋር ልታሰር?»

«ማን አሰረሽ? ኪራይ አትከፍዪ፣ ምን ጎደለሽ?»

«ቁልፉን ለሻምበል ልሰጥ ነው። እድሩ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጣቸው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሰማኒያ ሦስት ላይ ጦሩ ሲበተን በላይነሽ የደንብ ልብሴን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ፎቶዎቹንም። ፈርታ ነው፤ አልፈርድባትም። ወታደር እንደነበርኩ የሚያሳይ ያለኝ ይሄ፣ በተዋስኩት ልብስ የሳልሽኝ፣ ብቻ ነው።» በአገጫቸው ወደ ምስሉ ጠቆሙ። «መጋዘን ከገባ እኔ መቼ አየዋለሁ? ለቀስተኛ ነው የሚያየው።»

አዘንኩላቸው። ግን እስካሁን እዚህ ያስቀመጠኝም ማዘኔ ነው። ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

«እንግዲያው ክፍሉን እርስዎ ይያዙት። እድሩ የሚከፍለው ለምስሎቹ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም።»

«ማርቆስስ?»

«እርስዎ ይንገሯቸዋ።»

«በማዕረግ ይበልጠኛል» አሉ፤ ሻምበል ከበሩ ኋላ የቆሙ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጦሩ ከተበተነ እኮ ስንት ዘመኑ ነው፣ ጋሼ!»

ትኩር ብለው አዩኝ። የተቆጡ መሰለኝ። ከዚያ ቁልፉን ተቀብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱትና ያለችኝን አንዲት ወንበር ጎትተው ከምስላቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጀርባቸው ቀጥ አለ።

«በይ፣ ስትወጪ በሩን ዝጊው» አሉ ሳይዞሩ። «በላይነሽ ከገበያ ስትመለስ በዚህ ነው የምታልፈው።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።