ድንጋይ ተሸክመው የመጡ ደጋፊዎች

ደረበ የገዛ እህቱን ልጅ በደለ። በደሉም ይህ ነው፤ የጥጥ መዳመጫ እግር ኳስ ቡድን በረኛ የሆነውን አዝመራውን፣ ሦስት ሺህ ደጋፊ አሰልፎ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ «በረኛ የለንም! በረኛ የለንም!» እያለ አስጨፈረበት። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ቡድኑ በረኛ አልነበረውም። አዝመራው እንኳ ነበረ፤ አይታይም እንጂ።

ነገሩ በአንድ ቀን አልሆነም። መጀመሪያ የሄዱት ጆሮዎቹ ናቸው። በአራተኛው ጨዋታ ሁለት ጎል ገብቶበት ቤት ሲመጣ፣ እናቱ እማዋይሽ ፎጣ ልታቀብለው ዞር ስትል አየችው።

«ጆሮህስ?» አለችው።

«ይሰማኛል» አላት።

ከዚያ ትከሻው ሄደ፣ ከዚያ ጉልበቶቹ፣ በዘጠነኛው ሳምንት ሆዱ ከነማሊያው። ፊቱ መጨረሻ ላይ ሄደ፤ እሱም ከቅንድቡ ጀምሮ ወደ ታች እየሳሳ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሜዳ የገቡት ሁለት ጓንትና ሁለት ታኬታ ብቻ ነበሩ። ዳኛው ጓንቶቹን አየ፣ ታኬታዎቹን አየ፣ ከኪሱ የሕግ መጽሐፉን አውጥቶ ቆሞ አነበበ። በረኛ መታየት አለበት የሚል አላገኘም። ያገኘው የበረኛው ቀለም ከሌሎቹ ተጫዋቾች መለየት አለበት የሚል ነው።

«ይለያል» አለና ፊሽካውን ነፋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መዳመጫ አልተሸነፈም። የተጋጣሚ አጥቂዎች ኳስ ይዘው ይደርሱና ይቆማሉ። አንዱ አጥቂ ሲቀየር ለአሰልጣኙ ያለው ቃል በቃል ይህ ነው፦ «በረኛው ወዴት እንደሚያይ ሳላይ ወዴት ልምታ?» አሰልጣኙም ውሃ ሰጠው።

ደጋፊው ግን ደጋፊ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ «ዕድል ነው» አለ። በተከታታይ ሲያሸንፍ «ያለ በረኛ አሸነፍን!» እያለ ጨፈረ። እማዋይሽ ይህንን ሁሉ ፀሐይ ከሚመታው ወገን፣ አራተኛው ደረጃ ላይ፣ ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣ ሰማች። ደረበ የደጋፊ ማህበሩ ሊቀመንበርም አስጨፋሪም ስለሆነ፣ እንደ አስጨፋሪ ወግ ጀርባውን ለሜዳው ፊቱን ለሰዉ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሲጮህ የሚጮኸው እህቱ ፊት ላይ ነው።

አልመለሰችለትም። ይህ ለማንም የሚገባ ነገር አልነበረም። እማዋይሽ አፏ ስለታም ነው፤ ባለ ልኳንዳው ለሷ አጥንት አያበዛም፣ የቀበሌው ጸሐፊ ከሩቅ ሲያያት ማህተሙን ከመሳቢያ ያወጣል። ግን አሰልጣኝ ንጋቱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቤቷ ድረስ መጥቶ ለምኗታል። «እትዬ እማዋይሽ፣ አንቺ አፍ ከከፈትሽ ልጁ ላይ ይብሱበታል። አውቃቸዋለሁ። ለሱ ብለሽ ዋጥ አድርጊው።» ዋጠችው። ሃያ ስድስት ሳምንት ዋጠችው። ጉሮሮዋን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሙ አፏን በባትሪ አይቶ «ሞልቷል» አላት፣ ሌላ ምንም አልጻፈላትም።

በመጨረሻው ጨዋታ፣ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ፣ መዳመጫ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ኳሱ ተመታ። ወደ ጎሉ ቀኝ በኩል እየሄደ ሳለ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ አየር ላይ ቆመ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። መዳመጫ ሻምፒዮን ሆነ።

ደጋፊው አለቀሰ። በተለይ በቡድኑ ተስፋ ቆርጠው የደጋፊ መታወቂያቸውን የመለሱት አብዝተው አለቀሱ። «ተሳስተናል» ተባባሉ፣ ተቃቀፉ። ሰኞ ማህበሩ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ያዘ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ «በቡድኑ ላይ እምነት በመታጣቱ ለተፈጠረው ስህተት እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠየቅ» ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ማን እምነት እንዳጣ አልተጻፈም። ረቡዕ ዕለት ድንጋያቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ክለቡ ቢሮ ሄዱ፤ አሰልጣኝ ንጋቱና አሥር ተጫዋቾች ድንጋዩን ከየአንገቱ እያነሱ ይቅር አሏቸው። አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ከዋንጫው ጋር ፎቶ ሊነሱ ሲሉ ግን በረኛው አልታየም። ጓንቱን አውልቆ ስለነበር አጠገባቸው ይቁም አይቁም የሚያውቅ አልነበረም።

«እናቱ ዘንድ እንሂድ» አለ ደረበ። «እናቱ ይቅር ካለች ይታያል። ፎቶው የግድ ሙሉ መሆን አለበት።»

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ግቢው ያን ያህል ሰፊ ስላልሆነ መቶ የሚሆኑት ገቡ፣ የቀሩት መንገዱ ላይ ቆሙ። ሁሉም አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ባለ ባጃጁ ሙሉዓለም የቤት መሠረት የሚሆን ጥርብ ድንጋይ ይዟል። መምህር አድማሱ ወረቀት መርገጫ የምታህል ጠጠር በሁለት ጣቱ ማጅራቱ ላይ ደግፏል። የደረበ ድንጋይ ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱ ደግሞ ፎቶ አንሺ አስከትሏል።

እማዋይሽ በሩ ላይ ቆማለች። አጠገቧ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሁለት ጓንቶች፣ ጉልበት ሊኖር በሚገባበት ቦታ፣ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ጠዋት «ሰው ሲመጣ የት እንዳለህ ይወቁ፣ ጓንትህን አድርግ» ብላዋለች። የልጇን ፊት ካየች አሥራ አምስት ሳምንት ሆኗታል። ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ እንኳ የለም፤ ባዶ ፍሬሙ ነው የቀረው።

ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ልብስ ሰፊው ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። እሳቸውም እንደ ሌላው ድንጋይ ተሸክመዋል።

«እማዋይሽ» አሉ፣ «እንግዲህ ሰዉ ተሳስቷል።»

«የትኛው ሰው?»

«ሰዉ ነዋ። ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ ስም የለውም? እርስዎስ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ በረኛ የለንም ብለዋል ወይስ አላሉም?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ከድንጋያቸው ሥር ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ «ብያለሁ» አሉ። «አሥራ አንዱንም ሳምንት ብያለሁ። አንዴማ ድምፄ ተዘግቶ ሦስት ቀን ዝንጅብል ጠጥቻለሁ።»

ወንበሩ ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ራስ በሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ ግራ ጆሮ ታየ። የአዝመራው ጆሮ ነው። ሰዉ ሁሉ አየው። እማዋይሽም አየችው፤ እጇን ዘርግታ ነካችው፣ ሞቃት ነው። ከዚያ ዞር ብላ የጋሽ ሸዋንግዛውን ድንጋይ ከአንገታቸው አነሳችና መሬት አስቀመጠችው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። «በሉ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ተሰለፉና እየተራችሁ ያላችሁትን ብያለሁ በሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ተሰለፉ። ሁለተኛው ተራ የሙሉዓለም ነበር።

«እኔ እንኳ ያን ጊዜ አልነበርኩም» አለ።

አልነበረም። ጥርቡ ድንጋይ ግን ነበረ፤ ሙሉዓለም ተሸክሞት በነበረበት ከፍታ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘመም ብሎ፣ አየር ላይ ቆሟል። ውጭ ባጃጁ ሞተሩ ሳይጠፋ ይንተከተካል። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጋ።

ፀጉር ሠሪዋ ወይንሸት ቀጠለች። «ብያለሁ። ባሌ ሲል ሰምቼ ነው ግን።»

የአገጩ ግማሽ መጣ።

«ባልሽን ተይው፣ ወይንሸት። ባልሽ በራሱ እግር ይምጣ።»

«እሺ። ብያለሁ።»

የአገጩ ሌላው ግማሽ መጣ። እማዋይሽ ድንጋዩን አነሳችላት።

መምህር አድማሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «በመሠረቱ እኔ ያልኩት በረኛ የለንም በሚለው አግባብ ሳይሆን፣ በዘርፉ የአቅም ግንባታ ያስፈልጋል በሚል እሳቤ ነው። በዚያኛው መልኩ አላልኩም» አለ። ጠጠሯ ማጅራቱ ከነበረበት ቦታ ሳትነቃነቅ ቀረች። ተራው የሌላ ሰው ሆነ።

እንዲህ እየተባለ ቀጠለ። አንዱ «ከጎኔ ያሉት ናቸው» አለ። አንዱ «ስልክ እያወራሁ ነበር» አለ። አንዱ «አፌን ከፈትኩ እንጂ ድምፅ አላወጣሁም» አለ፤ ይህኛው እየሄደም አፉ ተከፍቶ ነበር። አንዲት ሴት «እንዲያውም እኔ በልቤ ሁሌም አምንበት ነበር» ብላ እንባዋን ጠረገች፣ መሀረቧ እንኳ አልቀረም። እማዋይሽ በየመሀሉ «ብያለሁ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ሦስት ሺህ ሆናችሁ ስትጮኹ ቀሎ ነበር እኮ!» ትላቸዋለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ግቢው ውስጥ ሰማንያ አራት ድንጋይ በአንገት ቁመት ተንጠልጥሏል። ከበር ወደ ውሃ ቧንቧው ለመሄድ ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። መንገድ ላይ የቆሙት ከአጥሩ በላይ ይህን አዩና ድንጋያቸውን ቀስ ብለው እያወረዱ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ብያለሁ ያሉት አሥራ አንድ ናቸው። በነሱም አዝመራው ሁለት ጆሮ፣ አገጭ፣ አንገት፣ አንድ ትከሻ፣ ሁለቱ ጉልበትና አፍ አገኘ።

«እማ» አለ አፉ። «ይበቃል። ሰዎቹ ደከማቸው።»

«ዓይንህስ?»

«አያለሁ እኮ።»

«እኔ አላይህም» አለች። ያስጨነቃት ቅንድቡ ነው። በልጅነቱ ከደረጃ ወድቆ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ በግራ ይሁን በቀኝ ጠፍቶባታል። ሳትጠይቀው ብዙ ቀን አልፏል፣ አሁን መጠየቁ ደግሞ ያሳፍራታል።

የቀረው ደረበ ብቻ ነው። ሰልፉን ሲያስተናግድ ስለነበር ተራው መጨረሻ ደረሰው። በተንጠለጠሉት ድንጋዮች መሀል እየተሽሎከለከ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ፎቶ አንሺው ከኋላው ቦታ ያዘ።

«እትዬ» አለ ደረበ፣ «በማህበሩ ስም...»

«ማህበሩ ሄዷል። ዞረህ እየው። በራስህ ስም ተናገር።»

«በራሴ ስምማ ምን አጠፋሁ? እኔ አስጨፋሪ ነኝ። አስጨፋሪ ያስብላል እንጂ አይልም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቆመው፣ ጎል ሲገባ እንኳ አላይም።»

«ፊቴ ላይ ነበር የምትጮኸው፣ ደረበ። ምራቅህ ጃንጥላዬ ላይ ነበር።»

«ወንድምሽ ነኝ። ዝም ብለሽ ይቅር ብትይኝ ምን አለበት?»

«የልጄ ዓይን አንተ ጋ ነው። አንዲት ቃል ናት። በላት።»

ደረበ ድንጋዩን አስተካከለ። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። «እንግዲህ...» አለ። «እንግዲህ ምናልባት የዚያን የመጀመሪያ ቀን...»

ወንበሩ ላይ፣ ከጆሮዎቹ መሀል፣ በእርሳስ እንደተሳለ የሳሳ አንድ ቅንድብ ታየ። ጠባሳው ግራ ላይ ነው። ከቅንድቡ ሥር የዓይን ቆብ መስመር ሊሠራ ጀመረ፤ ሽፋሽፍቱ አንድ ሁለት እያለ ይወጣ ነበር።

በዚህ መሀል ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሳና «ጋሼ፣ ወደዚህ» አለ።

ደረበ ወደ ካሜራው ዞረ፣ ቀና አለ፣ ኮሌታውን አስተካከለ። «እኔ» አለ በማህበሩ ድምፁ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

ቅንድቡ ጠፋ። የዓይኑ ቆብም ጠፋ። ደረበ በነበረበት ቦታ ትልቁ ድንጋይ ብቻ ቀረ፤ ከባድ ስለሆነ ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ፎቶ አንሺው ያነሳውን ተመለከተ፣ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና በድንጋዮቹ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ከትልቁ ድንጋይ ሥር ድምፅ መጣ።

«እትዬ» አለ። «ከበደኝ። ስለ እናታችን ብለሽ አንሺልኝ።»

እማዋይሽ ወደ ድንጋዩ ተጠጋች። ሃያ ስድስት ሳምንት ያጠራቀመችው ስድብ ነበራት፣ ለየሳምንቱ የተለየ፤ አንዱንም አላወጣችውም። ድንጋዩን ከፊት አየችው፣ ዞራ ከኋላ አየችው፣ መዳፏን ከሥሩ አሳለፈች። እጇን ምንም አልነካትም።

«ደረበ» አለችው፣ «ድንጋዩ ይታየኛል። አንገትህ ሲታየኝ አነሳልሃለሁ።»