አንድ ጥርስ

መካኒኩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የቤቱን ጋራዥ በር በጠመኔ ደብተር አድርጎታል። በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ መፍቻ ሚስማር ላይ ይሰቅልና የተቀረጸበት ቁጥር እስኪነበብለት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ርቀቱንም በሜትር ለክቶ በሳንቲሜትር በሩ ላይ ይጽፋል። ሠላሳ አራት። አርባ ሰባት። ስልሳ አንድ። ዘንድሮ ሰባ ሁለት ሆነ፤ ክንዱ ግን ስልሳ ስምንት ላይ ያልቃል። መነጽር ገዝቶ ነበር። ሞተር ላይ ባጎነበሰ ቁጥር እየተንሸራተተ ዘይት ውስጥ ሲገባበት ተወው።

የዛሬው ሥራ የሴት ልጁን መኪና ታይሚንግ ቺንጋ፣ መዘውሮቹን እኩል የሚያዞረውን ጥርሳም ቀበቶ፣ መቀየር ነው። ነገ ጠዋት ይዛው ረጅም መንገድ ትሄዳለች። ቺንጋው ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ የላይኛውና የታችኛው ጥርሳም መዘውር ከየምልክታቸው ካልገጠሙ ሞተሩ መንገድ ላይ እርስ በርሱ ተላትሞ ይቀራል። መካኒኩም ዕድሜውን ሙሉ «አንድ ጥርስ የሳትኩ ቀን ጋራዡን እዘጋለሁ» ሲል ኖሯል።

ሚስቱ ለምሳ ልትጠራው ገባች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አታይም፤ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ነው የሚያህለው።

«ምሳ ቀርቧል። ጨረስክ?»

«ክዳኑ ብቻ ቀረኝ። ምልክቶቹ ገጥመዋል።»

«አይተህ ነው ወይስ መስሎህ?»

«ሴትዮ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ መንገድ ማዶ የቆመ ዝሆን አታዪም ነበር።»

«ዛሬም አላይም። ዞር በል እስቲ።»

መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ሞተሩ ላይ ተደፋች። ያለ መነጽር ሩቁ ሁሉ ጉም ነው፤ አፍንጫዋ ሥር ያለውን ግን አንድ በአንድ ትለየዋለች።

«የታችኛው ልክ ነው። የላይኛው አንድ ጥርስ አልፏል።»

«ሊሆን አይችልም።»

«ጣትህን አምጣ።»

ጥፍሩን የመዘውሩ ምልክት ላይ አሳረፈችለት፤ ከዚያ ሞተሩ ላይ ወዳለው ምልክት ገፋችው። ጥፍሩ አንድ ጥርስ ተሻግሮ ወረደ።

መካኒኩ ማጥበቂያውን ፈታ፣ ቺንጋውን አውጥቶ እንደገና አጠለቀ፣ ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር አዞረ።

«አሁንስ?»

«አሁን ገጠመ።» አፍንጫዋን በዘይታም ጣቷ አከከች። «እንግዲህ ጋራዡን ልትዘጋው ነዋ?»

«ቀና አትበዪ፤ እንደነበርሽ ሁኚ።»

ሜትሩን ከአፍንጫዋ እስከ መዘውሩ ዘረጋ። ቁጥሩ አልታየው ሲል ለእሷው ሰጣት።

«ዘጠኝ» አለች።

በሩ ላይ፣ ከሰባ ሁለት ሥር፣ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ።

«ታዲያ ሥራ የምገባው ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሚስቱ።

«መጀመሪያ አፍንጫሽን ጥረጊ» አላትና ክዳኑን አነሳ።