ሁለተኛዋ መስመር

አሮጊቷ በምራቷ ኮምፒውተር ላይ የክር ምስል ያለባትን ፎልደር በማውሱ እየጎተተች ወስዳ የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለቻት። ፊደል አትቆጥርም፤ ዓይኗ ግን ሌባ ነው። ምራቷ ቅርጫቱን ስታራግፍ ከኋላዋ ቆማ ስንቴ አይታለች። እሷም ልታራግፈው ስትል ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ጠየቃት። ምን እንዳለ ባታውቅም ቀዩን መጫን እንደሚገባ ታውቃለችና ቀዩን ተጫነች። ቅርጫቱ ባዶ ሆነ።

ከመታጠቢያ ቤቱ የውኃ ድምፅ ይሰማል። ምራቷ ለቀጠሮዋ እየታጠበች ነው።

"ታጠቢ" አለች አሮጊቷ በሆዷ። "ታጥበሽ ታለቅሻለሽ።"

ምራቷ ጥልፍ ጠላፊ ናት። በኮምፒውተሩ የነደፈችውን ማሽኑ በክር ይጠልፈዋል። አንድ የሙሽራ ልብስ የሚሰፋ ትልቅ ድርጅት ንድፎችሽን ይዘሽ ነይ ብሎ ለዚህ ጠዋት ቀጥሯታል። ከወደዱላት ትቀጠራለች። ከተቀጠረች ደግሞ ባልና ሚስቱ ከከተማው ማዶ፣ ድርጅቱ አጠገብ ቤት ይከራያሉ። እናታችንን ይዘን እንሂድ ያለ ሰው የለም። "እየመጣን እንጠይቅሻለን" ነው ያላት ልጇ፣ ሆስፒታል እንደተኛ ሰው።

እሷ በራሷ ሚዛን ክፉ አይደለችም። የሰው ድካም ልታጠፋ አላሰበችም። ይህ ኮምፒውተር የማይነካ መሆኑን ከልጇ አፍ ሰምታለች። ልጇ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ሊኑክስ የሚሉትን ነገር የጫነበት ሰሞን ምራቷ ተማርራ ነበር።

"እንደ ድሮው ምንም መጫን አልቻልኩም። ማተሚያውን እንኳ እምቢ አለኝ" ብላ።

"መሠረቱ ተቆልፏላ" አላት ባሏ። "አንቺም አትነኪው፣ እኔም አልነካው፣ ቫይረስም አይነካው። የምትፈልጊያቸው ፕሮግራሞች ከላይ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ማተሚያውን እኔ እጨምርልሻለሁ፤ ዘግተሽ ስትከፍቺው ይሠራል።"

"ማሻሻያ ሲመጣስ?"

"መሠረቱ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ካልተስማማሽ፣ ስትከፍቺው ከሚመጣልሽ ዝርዝር ሁለተኛዋን መስመር ትመርጫለሽ። ወደ ቀድሞው ይመለሳል።"

አሮጊቷ ከጥጓ ሆና ሳቀች። "ሟቹን አባትህን ነዋ የጫንክበት! ማታ ስመክረው አምሽቼ ጠዋት ያው ሰውዬ ሆኖ ይነሣ ነበር።" ምራቷም ሳትወድ ሳቀች።

በኋላ አንድ ማሻሻያ መጥቶ ስክሪኑን አዥጎረጎረው። ልጇ ዘግቶ ከፈተና ሁለተኛዋን መስመር መረጠ፤ ሁሉም እንደነበረ ሆነ። አሮጊቷ በዓይኗ አይታ አመነች። የዛሬው ሐሳቧም ይኸው ነው። ቀጠሮው ይለፍ፤ ከዚያ ሁለተኛዋን መስመር ታስታውሳቸዋለች፤ ንድፉ ይመለሳል። ቀጠሮው ግን አይመለስም።

ምራቷ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ንድፎቹን የምትገለብጥበትን ፍላሽ ይዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። አሮጊቷ ወደ ትሪዋ ተመልሳ ምስር ትለቅማለች።

"ፎልደሬስ?" አለች ምራቷ።

የአሮጊቷ ልጅ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነው። "የቱ ፎልደር?"

"የንድፎቼ። ትናንት እዚህ ነበር።"

"ደህና አድርገሽ እዪ።"

አየች። ልጇም መጥቶ አየ፤ ፈለገ፣ ቅርጫቱንም ከፈተ፤ ባዶ ነው። ፎጣው ከምራቷ ራስ ላይ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

"ሌላ ቦታ ቅጂ የለሽም?"

"አንተ አይደለህ፣ ይኼ ማሽን አይበላሽም፣ ምን ያስፈራሻል ያልከኝ?"

ሲፈላልጉ ሰዓቱ ነጎደ። ከድርጅቱ ተደወለ። ምራቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "እሺ... ገባኝ... አመሰግናለሁ" ብላ ዘጋች። ድምፅዋ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

"እስከ ነገ ጠዋት ታግሰውኛል። ነገ ካላመጣሁ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።"

አሮጊቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዛሬ ካለፈ ነገም ያልፋል፤ የነገውን ነገ ታስብበታለች። የለቅሶውን ፊት ግን ከዚህ በላይ ማየት አልፈለገችም። "ያችን ሁለተኛዋን መስመር ለምን አትመርጣትም?" አለችው ልጇን። "ወደ ቀድሞው ይመልሳል ስትል አልነበር?"

"እሱ ማሽኑን ነው የሚመልሰው፣ እማዬ። የራሱን ዕቃ። የሰው ሥራ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ከጣልሽው አያመጣልሽም።"

"ምንም?"

"ቤቱ ታድሶ እንደ ድሮው ቢሆን፣ ከቤት አውጥተሽ የጣልሽው ዕቃ በእግሩ ይመጣል?"

የአሮጊቷ ጣት ምስሩ ውስጥ ቀረ። የሆነው ሆነ፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

"ቅርጫቱን ሁልጊዜ የምታራግፊው አንቺ ነሽ" አለ ልጇ ለሚስቱ። "ቸኩለሽ ራስሽ ነሽ የጣልሽው።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? እማዬ እንደሆነች ማንበብ አትችልም።"

ሌላ ቀን ቢሆን አሮጊቷ ይህን ቃል በጥፊ ነበር የምትመልሰው። ዛሬ ጠቀማትና ዋጠችው።

ምራቷ ማውሱን ልትይዝ እጇን ሰደደች፤ ሰደደችና ወዲያው አነሣችው። መዳፏ ወዝቷል፤ በጥድፊያው እስካሁን አላስተዋለችውም። ጣቶቿን አሻሸች፤ አሸተተችም። ቫዝሊን ነው። በዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት እጇን ቫዝሊን የምትቀባ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ምራቷ ቀስ ብላ ዞራ አሮጊቷን አየቻት። አሮጊቷም ዓይኗን አልሰበረችም።

"እማማ" አለች ምራቷ። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል። "በጨርቅ የጠለፍኳቸውን ናሙናዎች ሳንዱቅዎ ውስጥ እንዲያስቀምጡልኝ ሰጥቼዎት ነበር። እነሱን ነገ ይዤ እሄዳለሁ። ንድፉንም ከእነሱ እያየሁ እንደገና እሠራዋለሁ። ስለ ማንም ምንም አልጠይቅም። ጨርቆቹን ብቻ ይስጡኝ።"

ልጇ ፊቱ በራ። "እውነትም! እማዬ፣ አውጪላት እንጂ።"

የሳንዱቁ ቁልፍ በገመድ ታስሮ ከአሮጊቷ ጡቶች መካከል ተንጠልጥሏል፤ ብረቱ ይቀዘቅዛታል። ጨርቆቹ ሳንዱቁ ውስጥ በነጭ አንሶላ ተጠቅልለው አሉ፤ ራሷ ናት የጠቀለለቻቸው፣ እንዳይቆሽሹ ብላ። አንዷ ላይ ያለችውን ወፍ ወድዳት ብዙ ጊዜ ብቻዋን አውጥታ አይታታለች።

"ብል በላቸው" አለች።

"መቼ?" አለ ልጇ።

"ቆይቷል። ጣልኳቸው።"

"እስቲ ከፍተን እንይ፣ ምናልባት አንዱ..."

"ሳንዱቄ ይፈተሽ? በቁሜ? ያጠባሁህ ልጅ ለሚስትህ ብለህ ልትፈትሸኝ?"

ልጇ አንገቱን ደፋ። የመሣሪያ ቦርሳውን አነሣና "ማታ እንነጋገራለን" ብሎ ወጣ። ለማንኛዋ እንዳለው አልታወቀም።

ሁለቱ ሴቶች ቀሩ። ምራቷ ባዶው ስክሪን ፊት ተቀምጣለች። አሮጊቷ ጓዳ ገብታ ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች፤ አንገት ላይ የታሰረን ነገር ተኝታ ሳለ ሰው ሊፈታው ይችላል። በቀሚሷ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ሸጎጠችው፤ ከዚያ መርፌና ክር አወጣች። ደጋግማ ሞከረች፤ ክሩ አልገባ አለ። እጥፋቱን በጭብጧ ይዛ ወጣችና መርፌውን ለምራቷ ዘረጋችላት።

"የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሯል። ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ አይለይም።"

"ጠዋት ለይቶ ነበር" አለች ምራቷ።

አሮጊቷ መርፌውን እንደዘረጋች ቆየች። ምራቷ ክሩን በምላሷ አርሳ በአንድ ጊዜ አስገባችው፤ ጫፉን ቋጥራ ሰጠቻት።

አሮጊቷ እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ጠርዙን አጥብቃ መስፋት ጀመረች።