በአንድ ዓይን የተለካ ርቀት

«ክንዳችሁን ዘርጉ፤ አውራ ጣታችሁን አቁሙ» አለች መምህርት በዛወርቅ። ሃምሳ ሁለት አውራ ጣቶች በመስኮቱ ብረቶች ትይዩ ቆሙ። «አሁን በአንድ ዓይን ብቻ እዩት፤ ቀጥሎ በሌላው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጣቱ ሳይነቃነቅ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ይዘላል። ከኋላ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ተጠሪው ጣሰው የግምገማ ቅጹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ስንት ብረት ዘለለ?» አለች በዛወርቅ።

«ሦስት» አለ አንዱ፤ «አራት» አለ ሌላው። ከፊት የተቀመጠችው የማንኪራ መንደር ልጅ ታንጉት ቀና ብላ፣ «የእርስዎስ፣ ቲቸር?» አለቻት።

በዛወርቅ ክንዷን ዘረጋች። ግራ ዓይኗን ስትጨፍን ጣቷ ብረቱ ፊት ነበር። ቀኙን ስትጨፍን መስኮቱም፣ ጣቷም፣ ተማሪዎቿም ጠፉ።

ኅዳር ላይ ማንኪራ ሄዳ ቡና ስትለቅም፣ ታናሽ ወንድሟ ቢሻው ረጅሙን ቅርንጫፍ አጉብጦ ይዞላት ነበር። ከእጁ አመለጠውና ዓይኗን ገረፋት። «ደህና ነኝ» ብላው ሳቀች። ዓይኗ እንደማይድን የጅማው ሐኪም የነገራት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ቢሻው በእጁ የሆነውን ቢያውቅ ዳግመኛ ቀና ብሎ እንደማያያት ታውቃለች። የታንጉት ቤት ደግሞ ከእሱ ጋር አጥር ለአጥር ነው።

«ሦስት» ብትል ይበቃት ነበር። ግን ሳይለኩ ቁጥር የጻፉ የስንት ተማሪዎችን ደብተር ሳታርም መልሳለች።

«የእኔ አልዘለለም» አለች። «ግራ ዓይኔ አያይም።»

ሳቁ ቆመ። ጣሰው እስክሪብቶውን ዝቅ አደረገ።

«በአንድ ዓይንም ይለካል፤ ላሳያችሁ።» ወደ መጀመሪያው መስኮት ሄዳ የባንዲራውን ምሰሶ አየች፤ ከኮረብታው ረጅም ዛፍ ጋር ገጥሟል። እስከ መጨረሻው መስኮት ተራመደች፤ ምሰሶው ዛፉን ለቆ ርቋል። «ምድርም እንዲሁ ታደርጋለች። ዛሬ አንዱን ኮከብ እናያለን፤ ከስድስት ወር በኋላ ከፀሐይ ማዶ ሆነን እንደገና እናየዋለን። ቅርብ ከሆነ ከሩቆቹ ኮከቦች አንጻር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ፈቀቅ ያለበትን አንግልና በሁለቱ ቦታዎቻችን መካከል ያለውን ስፋት ካወቅን፣ ማንም ሳይደርስበት ርቀቱን እናሰላለን። ፓራላክስ የሚባለው ይሄ ነው።»

ደወሉ ሲደወል ጣሰው ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምፈራው አንተን አልነበረም፤ ወንድሜ እንዳይሰማ ነው። አሁን ግን ቀድሜ ልነግረው ይገባል።»

«የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ እኔ እይዝልሻለሁ» አላት።

ቀኑ ዓርብ ነው፤ ታንጉት ሲመሽ ወሬውን ይዛ ማንኪራ ትገባለች። በዛወርቅ ምሳ ሳትበላ ሞተር ተሳፈረች፤ ከዚያ የእግር መንገዱን ያዘች።

ቢሻው ደጁ ላይ ግንድ ላይ ተቀምጦ የንብ ቀፎ በሐረግ ያስራል። «በሥራ ቀን? በሰላም ነው?» አላትና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ከኅዳር ወዲህ ሁልጊዜ በቀኟ እንዲሆን ትጠነቀቅ ነበር። ዛሬ በለቀቀላት ቦታ ተቀመጠች፤ በግራዋ ሆነ። አታየውም፤ ሐረጉን ሲስበው ብቻ ትሰማለች።

«ቢሻው፣ ስለ ዓይኔ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የመጣሁት።»

የሐረጉ ድምፅ ቆመ። በዛወርቅ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አዞረች።