ከውስጥ የሚዘጋ በር

«ትንሽ ከፍ አድርገው» አለ አንደኛው አናጢ፤ ሌላው የመቀርቀሪያውን ብሎን እያጠበቀ። በር ሠሪው ጓደኛቸው ከተቀበረ ወዲህ ቤቱ በለቀስተኛ ተጨናንቆ ሚስቱ አረፍ የምትልበት ጥግ አጥታ ነበር። ስለዚህ ጓዳ ያለችውን ትንሽ ክፍል ከውስጥ ቆልፋ ጋደም እንድትል አሰቡላት። ዕድሜ ልኩን የሰው በር ሲገጥም የኖረ ሰው ለራሱ ቤት አንድ መቀርቀሪያ እንኳ አለማበጀቱ አስቋቸዋል። ከቀብሩ በኋላ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ከለቀስተኞቹ መካከል የሰፈሩ ስልክ ሠሪ ግን አልሳቀም። ከገዛ ሚስቱ ጎን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሻዩ እጁ ላይ ቀዝቅዟል። ያ ቤት ለምን መቀርቀሪያ እንደሌለው ያውቃል።

ማዶ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ዓይናቸው እሱ ላይ ነበር። ከሟቹ ልጆች ብሶ የሚያለቅሰው ይህ ሰው ምኑ ነው? በመጨረሻ አንዷ አላስችላት አለ።

«ዘመድ ናችሁ?»

«የሱቄን በር የሠራልኝ እሱ ነው» አለ።

ሚስቱ እጁን እየደባበሰች ለአባቱ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም አለቻቸው። ትናንት ቀብሩ ላይም ተጠይቆ ይህንኑ የበር ነገር መልሷል። ጴጥሮስ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ጌታውን አላውቀውም ሲል ምን እንደተሰማው አሁን ገባው። እውነቱን እንዳይናገር ሚስቱ አጠገቡ ናት፤ ተነስቶ እንዳይሄድ ሰው በሩን ሞልቶታል።

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ እርሳስ ነበር የሚለው፤ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ ሲፈልግ ስለሚውል። የስልክ ሠሪውን በር በገጠመ ማግስትም እርሳሴን ረስቼ ብሎ ተመለሰ። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነበር። በሩ ግን በጠራራ ፀሐይ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደጋግሞ አንኳኳ። ስልክ ሠሪው እንደምንም ሲከፍትለት፣ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ የተደፋውን ስልክ ጋሼ እርሳስ ዞር ብሎም አላየው። ያየው የሰውየውን ፊት ነው።

«መቀርቀሪያውን ለሌባ መስሎኝ ነበር» አለው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ነበረኝ፣ ልጄ።»

በእሱ ጊዜ የራቁት ሴት መጽሔትና ካሴት ነበር፤ ኋላም በሥራ እያሳበበ ገላቸውን ከሚሸጡ ሴቶች ቤት ማምሸት። እሁድ እጁን አንስቶ ይዘምራል፤ ሳምንቱ ሳይጋመስ ራሱን ይጸየፋል። ማለ፣ ሰበረ፤ እንደገና ማለ። ስልክ ሠሪው የገዛ ታሪኩን ከሰው አፍ የሰማ ያህል ደነገጠ። ሽማግሌው ሰጋቱራው ልብሱ ላይ እንዳለ ትከሻውን ይዞ «ጌታ ሆይ፣ የዛሬን ብቻ» ብሎ ጸለየለት። ከዚያ መቀርቀሪያውን ፈታና እጁ ላይ አኖረለት።

«ለሚስትህ የነገርካት ቀን ትሰጣታለህ። እስከዚያ አንተው ተሸከመው።»

ከዚያ ወዲህ ጋሼ እርሳስ ሱቅ ሲዘጋ ሳያልፍበት አይሄድም ነበር። እንዴት ዋልክ ይለዋል፤ እውነተኛውን መልስ ሳይሰማ ንቅንቅ አይልም። የወደቀበትን ቀን ሲነግረው አይቆጣም፤ የደንበኛውን በርጩማ ስቦ ዝም ብሎ አብሮት ይቀመጣል። እየቆየ ደህናው ቀን በዛ። መቀርቀሪያው ግን ከመሳቢያው አልወጣም። ነገ እነግራታለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ እነግራታለሁ ሲል ጋሼ እርሳስ ሞተ። ስልክ ሠሪው ትናንት ከመቃብር በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ፤ መቀርቀሪያውን መልሶ ገጠመና በሩን በራሱ ላይ ዘጋ። እዚያው አለቀሰ፤ ላይመለስበት የማለውን ነገርም እዚያው አደረገ። እንዴት ዋልክ የሚለው ሰው አልነበረም።

«አንተ ልጅ፣ ካቻቢቴ አታጣም፤ እስቲ ና» የሚል ድምፅ ከሐሳቡ አነቃው። የጋሼ እርሳስ ሚስት ነበረች። አናጢዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ወጥተዋል። ወደ ትንሿ ክፍል ይዛው ገባችና መቀርቀሪያውን አሳየችው።

«ፍታልኝ። ለደግ ብለው ነው የሠሩት፤ እኔ ግን ይሄን እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። «እትዬ... ነግሮሽ ነው?»

«ያንተን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ግን ሁልጊዜ በሱቅህ በኩል ዞሮ ሲገባ ለምን እንደሆነ ይጠፋኛል?» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የራሱን መቀርቀሪያ ፈትቶ ሁሉን የነገረኝ ቀን መሬት ከዳኝ። ስንት ጊዜ አኮረፍኩት። ይቅር ስለውም ደስ ብሎኝ አይደለም። ግን ከዚያ በፊት ከማን ጋር እንደኖርኩ እንጃ። ያቺ ውጪ የተቀመጠችውም አንተን አታውቅህም።»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱን በሱቁ በኩል እንለፍ አላት። ደክሟት ነበር፤ ለቅሶ ውለን ምን ሥራ አማረህ እያለች ተከተለችው። በርጩማው ላይ አስቀመጣትና ወደ በሩ ዞረ። መቀርቀሪያውን ፈትቶ ሲጨርስ ብረቱ በእጁ ላብ ርሷል። መዳፏን ዘርግታ ተቀበለችው፤ ያዢልኝ ያላት መስሏት።

«ጋሼ እርሳስን ያወቅኩት በበር ሥራ ብቻ አይደለም» አለ።

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተውና ነገራት፤ የትናንቱን ጨምሮ። ከውጭ ሰው ያልፋል፤ እሱ ድምፁ እየተቆራረጠ ቀጠለ። ጨርሶ ቀና ሲል ሚስቱ እሱን ሳይሆን በሩ ላይ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች ታያለች። መዳፏ እንደተዘረጋ ነው። ጣቶቿን አላጠፈችም፤ መቀርቀሪያውንም አልጣለችውም።