ጣቢታ ዝም ያለች ዕለት

የሆሳዕና መናኸሪያ ደላሎች ጣቢታን ይፈሯታል። እውነታቸውን ነው። ሻይ ቤቷ ገብቶ ያለ ነገሩ የሚቀባጥር ሰው ሰባት ቤት ዘመዱ ሳይቀር ተሰድቦለት ይወጣል። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል የተባለው ለሷ ሳይሆን አይቀርም።

ይሄው ምላስ በዚያ ሰሞን ባሏን ሊያሳጣት ነበር። ደርግ የጴንጤዎቹን ጸሎት ቤት ካሸገ ወዲህ ምእመናኑ የሚዘምሩት በየጓዳው ነው። ባሏ ብዙነህ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣው መምህር፣ ከጥቂት ወንድሞች ጋር ሲዘምር ተይዞ ቀበሌ ታሰረ። ሌሎቹ በዋስ ወጡ፤ እሱ ቀረ። ለምን ቢባል ጣቢታ ሊቀመንበሩን ጓድ ሀብቴን በሰው ፊት «ቤቱን ማዘዝ ያቃተው ቀበሌ ያዛል» ብላ አዋርዳዋለቻ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። አሁን ደግሞ ብዙነህ ዓርብ ተጭኖ ወደ ትልቁ ወህኒ ይሄዳል ተባለ። እዚያ የገባ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ስንቅ በየቀኑ ትወስዳለች። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው በጠባቂው ፊት ቀምሶ ያሳያል። ዋለ የሚባለው አብዮት ጠባቂ ግን እሷን አስቀምሶ ሲያበቃ «እስቲ እኔም ልመርምር» እያለ ቅቤ የጠገበውን የቡላ ገንፎ፣ አታካናውን፣ በእጁ ሙሉ ይዝቃል። ጣቢታ ትሳደባለች፣ ሳህኑ ይመለሳል፣ ብዙነህ ጾሙን ያድራል።

አጥር የሚጋሯት ሼህ ሸረፋ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው ሐድራ አለ፤ ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ይወርዳል፣ ጣቢታም በአጥሩ በኩል «ኧረ ሰው ይረፍበት» ትላቸዋለች። የዚያን ሐሙስ ግን ድቤው ሳይጀመር ገብታ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

«ምላሴን ይቁረጡልኝ፣ ሼህ ሸረፋ።»

«ያማ ሰፈሩ ጭር ይላል» አሉ ሼሁ። ከዚያ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ሰጧት። «ቁጣ እንግዳ ነው፣ ልጄ። ሲመጣ ተነስተሽ መደብ አትልቀቂለት። በር ላይ አቁሚና ማን ነህ በዪው። አንድ ፍሬ በጣትሽ አሳልፊ፣ ትንፋሽሽን ወደ ልብሽ አውርጂ፣ ማን ፊት እንደቆምሽ አስታውሺ። ዚክር ማለት ማስታወስ ነው።»

«እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ።»

«ታዲያ በጌታሽ ስም ተንፍሺያ። ትንፋሹን የሰጠን አንድ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ዋለ እንደ ልማዱ እጁን ሳህኑ ውስጥ ሰደደ። ቁጣ ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋ ስር ደረሰ። ፍሬዋን አሳለፈችና ማን ነህ አለችው። ሲታይ ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ከኋላው ፍርሃት ተደብቋል። ባሌን ላጣው ነው የሚል ፍርሃት። አልተሳደበችም።

«ቁርስ አልበላህም መሰለኝ» አለችው። «ብላ፣ ለሱም አስተርፍለት።»

ዋለ ጉርሻውን ሳይውጥ ወደ ሊቀመንበሩ ሮጠ። «ጓድ፣ ሴትዮዋ ሰልማለች። ሙስበሃ ይዛለች፣ ስድብም ትታለች።»

ሀብቴ ቢሮው አስጠራት። «ሰልመሻል አሉ። መልካም። ጴንጤነትን ትቻለሁ ብለሽ በዋለ ፊት ተናገሪና ባልሽን አሁኑኑ ይዘሽ ሂጂ።»

አንድ ቃል ናት። ፍርሃት «በዪ እንጂ፣ ምን ቸገረሽ» አላት። ቁጣ ደግሞ «ሞልጪው» አላት። ሁለቱንም አየቻቸው፤ ከሁለቱም ጋር አልሄደችም። ዝምታው ረዘመ፤ ዋለ እንኳ ማኘኩን አቆመ።

«አልሰለምኩም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ጴንጤ ነኝ። ይሄን ሼህ ሸረፋ ያዋሱኝ እርስዎን እንዳልሰድብ ነው። ያን ዕለት በሰው ፊት ያዋረድኩዎት ግን ጥፋቴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሀብቴ አፉን ከፍቶ አያት። ሊቆጣ ነበር፤ ሳቅ ቀደመው።

«ለመሆኑ ዛሬ ምን ልትዪኝ አስበሽ ነበር?»

«ይቅርብዎት።»

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሰውየው ለካ ከብዙነህ መዝሙር ጋር ጠብ አልነበረውም፤ የቆሰለው በሷ ነገር ነው። «ዋስ አምጪና ውሰጂው» አላት። «ሲዘምርም ቀስ ብሎ ይዘምር።» ሼህ ሸረፋ ተጠርተው መጡና ዋስ ሆኑ።

እስረኞቹ ያሉበትን ክፍል ከቢሮው የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ብዙነህ በሩ ተከፍቶለት ወጣ፤ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ጣቢታ ደነገጠች።

«መቱህ እንዴ?»

«ማንም አልነካኝም» አለ፣ እጇን አጥብቆ ይዞ። «በየቀኑ ስትሳደቢ ስሰማ፣ ተመስገን፣ ደህና ናት እል ነበር። ዛሬ ስምሽን ጠሩና ድምፅሽ ጠፋ። የገደሉሽ መሰለኝ።»